ጠጥቶ የሚያሽከረክር የትዳር ጓደኛና የቤተሰብ ዝምታ

የመንገድ ትራፊክ አደጋ ጉዳይ በተነሳ ቁጥር በቅድሚያ የሚጠቀሱት የመንገዱ ሁኔታ፣ የተሽከርካሪው ብቃት፣ የአሽከርካሪው ሥነ ምግባርና የሕግ አስከባሪ አካላት ቁጥጥር ናቸው። አደጋው ከመድረሱ ብዙ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት አስቀድሞ ችግሩን ያውቅ የነበረ አንድ ወገን ግን በውይይቱ እምብዛም ቦታ አይሰጠውም። ይህ ወገን የአሽከርካሪው ቤተሰብ፣ በተለይም የትዳር ጓደኛው ነው።

ባል አምሽቶና ጠጥቶ መኪናውን እያሽከረከረ በሚገባበት ቤት ሚስት የጥሩምባ ድምፅ እስክትሰማ እንቅልፍ አይወስዳትም። በር ከፍታ፣ መኪናው መግባቱን አይታ፣ ፈጣሪዋን አመስግና ትተኛለች። በማግስቱ የተፋቀው የመኪና ጎን በቆመበት የተገጨ እንደሆነ ለጎረቤት ይነገራል። ለመሥሪያ ቤቱ "አሞት ነው" ተብሎ ይደወላል። ልጆችም የሰሙትንና ያዩትን ውጭ እንዳያወሩ ይመከራሉ። ይህ ሁሉ የሚደረገው የቤትን ገመና ለመሸፈን፣ ትዳርን ለማቆየትና የአባወራውን ክብር ለመጠበቅ ነው። ዓላማው ቅን ቢሆንም የሚያስከትለው ውጤት ግን ቤተሰቡ ከጠበቀው ተቃራኒ ነው። እያንዳንዱ የተሸፈነ ምሽት አሽከርካሪው "እስካሁን ምን ደረሰብኝ?" እንዲል የሚያበረታታው ከመሆኑም በላይ፣ ገመናው ለአደባባይ የሚበቃው በአብዛኛው የሰው ሕይወት ከጠፋ በኋላ ነው።

የችግሩ ስፋት

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው የመንገድ ደኅንነት ሪፖርት በኢትዮጵያ በመንገድ ትራፊክ አደጋ ሳቢያ የሚሞተውን ሰው ቁጥር ከ100 ሺህ ሕዝብ 26.7 እንደሚሆን ገምቷል። ከዚህ ውስጥ የመጠጥ ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ ለይቶ ማስቀመጥ አስቸጋሪ ቢሆንም አልኮል በአሽከርካሪ ላይ የሚያደርሰው ተጽዕኖ ግን በሚገባ የተጠና ነው። በአንድ ሊትር ደም ውስጥ ያለው የአልኮል መጠን ከ0.4 ግራም ሲያልፍ የአደጋ ዕድል በጉልህ መጨመር እንደሚጀምር ድርጅቱ ያስረዳል። ለአጠቃላዩ አሽከርካሪ ጣሪያው 0.5 ግራም፣ ለጀማሪ አሽከርካሪዎች ደግሞ 0.2 ግራም እንዲሆንም ይመክራል። በኢትዮጵያ በ2003 ዓ.ም. የወጣው የመንገድ ትራፊክ ቁጥጥር የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 208/2003 ያስቀመጠው ጣሪያ 0.8 ግራም ነበር።

እነዚህ አኃዞች በቤት ውስጥ ምን ማለት እንደሆኑ ማየት ጠቃሚ ነው። የአልኮል መጠኑ 5 በመቶ የሆነ ባለ330 ሚሊ ሊትር አንድ ጠርሙስ ቢራ 13 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል ይይዛል። 70 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን ወንድ በአጭር ጊዜ ውስጥ ሦስት ጠርሙስ ቢጠጣ በአንድ ሊትር ደሙ ውስጥ የሚገኘው አልኮል ወደ 0.8 ግራም ሊጠጋ ይችላል። ክብደቷ ተመሳሳይ በሆነ ሴት ላይ መጠኑ ከዚህም ከፍ ይላል። ጠላ፣ ጠጅና አረቄን በተመለከተ ደግሞ ጥንካሬያቸው ከቤት ቤት ስለሚለያይ ጠጪው ራሱ ምን ያህል አልኮል እንደወሰደ ሊያውቅ አይችልም።

ሰውነት አልኮልን የሚያስወግደው በራሱ ፍጥነት፣ በአማካይ በሰዓት ከሊትር ደም 0.15 ግራም ያህል ነው። ጥቁር ቡና፣ ቀዝቃዛ ሻወር ወይም ትኩስ ሾርባ ይህን አያፋጥኑም። በመሆኑም ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ በደሙ 1.5 ግራም የነበረበት ሰው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ወደ ሥራ ለመሄድ መኪናውን ሲያስነሳ ገና 0.45 ግራም ያህል አልኮል በደሙ ውስጥ ይኖራል። ልጆች ወደ ትምህርት ቤት የሚወሰዱትም በዚሁ ሰዓት መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። "ተኝቶ ተነስቷል፤ አሁን ደህና ነው" የሚለው የቤተሰብ ግምት ሁልጊዜ ትክክል አይደለም።

ሕጉ ለቤተሰቡ ያለው ትርጉም

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ይደነግጋል። ቀላል በሆነው ሁኔታ ቅጣቱ ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት የሚደርስ ቀላል እስራት ወይም መቀጮ ነው። አጥፊው አልኮል ወይም ሌላ አደንዛዥ ነገር ወስዶ ራሱን ኃላፊነት ከማይሰማው ሁኔታ ላይ ጥሎ ድርጊቱን ከፈጸመ ግን ቅጣቱ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራትና ከ10 ሺህ እስከ 15 ሺህ ብር መቀጮ ይሆናል። ሕግ አውጪው መጠጥን እንደ ማቅለያ ሳይሆን እንደ ማክበጃ መመልከቱ ከዚህ ልዩነት በግልጽ ይታያል።

ከእስራቱ ጎን ለጎን ብዙ ቤተሰቦች የማያስተውሉት የፍትሐ ብሔር ኃላፊነት አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 የሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሚሆን፣ ጉዳቱን ያደረሰው እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆንም እንኳ ከዚህ ኃላፊነት እንደማይድን ይደነግጋል። መኪናው በሚስት ስም የተመዘገበ ከሆነ "እኔ አልነዳሁም፤ አልፈቀድኩምም" የሚለው መከራከሪያ ከካሣ አያድናትም ማለት ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግም በአንዱ ተጋቢ ላይ ያለ ዕዳ በቅድሚያ ከባለዕዳው የግል ንብረት፣ ይህ ካልበቃ ደግሞ ከጋራ ንብረት ሊጠየቅ እንደሚችል ያስቀምጣል። የመድን ውሎችም በመጠጥ ተጽዕኖ ሥር በማሽከርከር የደረሰን የራስ ተሽከርካሪ ጉዳት ከሽፋን ውጪ የሚያደርጉ መሆናቸው የተለመደ ነው። ስለዚህ በአንድ ምሽት የሚደርስ አደጋ የሟችን ቤተሰብ ከመበተኑ ባሻገር በጋራ የተሠራውን ቤትና ለልጆች የተቀመጠውን ጥሪት ሊወስድ ይችላል።

ይኸው የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስት የመከባበር፣ የመደጋገፍና የመረዳዳት ግዴታ እንዳለባቸው ይገልጻል። ጠጥቶ የሚያሽከረክር የትዳር ጓደኛን ማስቆም ለትዳር አለመታመን ተደርጎ ሲወሰድ የሚታየው ይህ ግዴታ በተሳሳተ መንገድ ሲተረጎም ነው። መረዳዳት የወደቀውን ማንሳት ብቻ አይደለም፤ ሊወድቅ ያለውን መያዝንም ይጨምራል።

በቤት ውስጥ ሊወሰዱ የሚችሉ እርምጃዎች

በመጀመሪያ ሊታወቅ የሚገባው የንግግሩ ጊዜ ነው። በሰከረ ሰው ላይ በሌሊት የሚነሳ ሙግት መፍትሔ አያመጣም፤ ወደ ጠብና ወደ ድብደባም ሊያመራ ይችላል። ጉዳዩ መነሳት ያለበት ጠጪው ከስካሩ በነቃበትና ልጆች በሌሉበት ሰዓት ነው። ንግግሩም "አንተ ሰካራም ነህ" ከሚል ዘለፋ ይልቅ በተጨባጭ በታየው ነገር ላይ ቢያተኩር የመደመጥ ዕድሉ ይሰፋል። የትኛው ምሽት፣ መኪናው በምን ሁኔታ ገባ፣ ማን አብሮ ነበር የሚለውን በእርጋታ ማስታወስ ለክህደት በር ይዘጋል።

ሁለተኛው እርምጃ ከመጠጡ በፊት መስማማት ነው። ሰርግ፣ ክርስትና፣ ማኅበር ወይም የመሥሪያ ቤት ግብዣ ሲኖር መኪናው ቤት እንዲቀር፣ ቁልፉ ከማይጠጣ ሰው እጅ እንዲሆን ወይም በታክሲ እንዲመለሱ ከቤት ሳይወጡ መወሰን ይቻላል። ከጠጣ ሰው እጅ ቁልፍ መንጠቅ አደገኛም አስቸጋሪም ነው፤ ከመጠጣቱ በፊት በፈቃዱ እንዲያስረክብ ማድረግ ግን ቀላል ነው። በከተሞች በስልክ የሚጠሩ የታክሲ አገልግሎቶች መስፋፋታቸው ቀድሞ ይቀርብ የነበረውን "በምን ልመለስ?" የሚል ምክንያት አሳጥሮታል።

ሦስተኛው፣ ሊታለፍ የማይገባው ወሰን ነው። የትዳር ጓደኛው ከጠጣ አብሮ አለመሳፈርና ልጆችን አለማሳፈር፣ ለደረሰው ጉዳትም ሐሰተኛ ምክንያት አለመስጠት ከቤተሰቡ የሚጠበቅ ነው። ጠጥቶ መሪ ከያዘና ልመናም ካላቆመው ለፖሊስ ማሳወቅ ተገቢ ይሆናል። ይህ እርምጃ በብዙዎች ዘንድ ባልን አሳልፎ እንደመስጠት ስለሚታይ እጅግ ይከብዳል። ሆኖም በፍተሻ ኬላ በትንፋሽ መመርመሪያ ተይዞ የተቀጣ አሽከርካሪ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሳይያዝ ቀርቶ እግረኛ የገጨው ግን ወደ ቤቱ ለመመለስ ዓመታት ሊወስድበት፣ የገጨው ሰው ደግሞ ጨርሶ ላይመለስ ይችላል።

አራተኛው ጉዳይ ሕክምና ነው። የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች፣ የነፍስ አባትና የሃይማኖት አባቶች ምክር በኅብረተሰቡ ዘንድ ያለው ተሰሚነት ከፍተኛ በመሆኑ ብዙዎችን ወደ ልባቸው መልሷል። ይሁን እንጂ መጠጥ ከልማድ አልፎ ሱስ ከሆነ መሐላና ግዝት ብቻቸውን ላይበቁ ይችላሉ። ለረጅም ጊዜ በየዕለቱ ብዙ ሲጠጣ የኖረ ሰው በድንገት ሲያቆም መንቀጥቀጥ፣ የሚጥል በሽታን የመሰለ መንፈራገጥና መቃዠት ሊገጥመው፣ ሕይወቱም ለአደጋ ሊጋለጥ ስለሚችል ማቆሙ በሐኪም ክትትል መሆን አለበት። በአዲስ አበባ የአማኑኤል ስፔሻላይዝድ የአእምሮ ሆስፒታልን ጨምሮ የአእምሮ ሕክምና የሚሰጡ ተቋማት ለዚህ ችግር አገልግሎት ይሰጣሉ። በዚህ ሂደት ውስጥ ድብደባ ወይም ዛቻ ካለ ቅድሚያ የሚሰጠው ለተጎጂዋና ለልጆቹ ደኅንነት ነው። የወንጀል ሕጉ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸምን የኃይል ድርጊት የሚያስቀጣ ወንጀል ማድረጉም ሊታወቅ ይገባል።

ከመሥሪያ ቤቶች የሚጠበቀው

የቤተሰብ ጥረት ፍሬ የሚያፈራው ተቋማት ሲደግፉት ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሚያዘጋጁት የስንብት፣ የዓመት መዝጊያና የእንግዳ አቀባበል ግብዣ መጠጥ ሲኖረው የመመለሻ መጓጓዣም አብሮ መታቀድ ይኖርበታል። ከሥራ ሰዓት ውጪ የመንግሥት ተሽከርካሪ በማን እጅ እንደሚያድር፣ በመስክ ሥራ ላይም ምሽቱን የት እንደሚቆም የሚያሳይ ቁጥጥር በወረቀት ላይ ብቻ መቅረት የለበትም። የበላይ ኃላፊ ራሱ ጠጥቶ መሪ የሚይዝ ከሆነ ለበታች ሠራተኞች የሚወጣ መመሪያ ክብደት አይኖረውም።

ቀደም ሲል የወጡት የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጆች በስካር ሥራን መበደልን ከዲሲፕሊን ጥፋቶች መድበው ነበር። ቅጣት ተገቢ ቢሆንም የመጀመሪያው ምልክት ሲታይ ሠራተኛውን ወደ ሕክምና መምራት ለመሥሪያ ቤቱም ለቤተሰቡም ይበጃል። ባለቤቷ ሥራውን እንዳያጣ የምትፈራ ሚስት ችግሩን ለቅርብ አለቃው ፈጽሞ አትናገርም። መሥሪያ ቤቱ ሕክምናን ከቅጣት የሚያስቀድም መሆኑን ብታውቅ ግን ቀድማ ልትናገር ትችላለች። የሰው ሀብት አስተዳደር ክፍሎች ይህን ልዩነት ሊያጤኑት ይገባል።

መንግሥት በአቅርቦትና በማስታወቂያ በኩል የወሰደው እርምጃ አለ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያ በብሮድካስት እንዳይተላለፍ፣ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰውም መጠጥ እንዳይሸጥ ከልክሏል። የትራፊክ ፖሊስ የትንፋሽ ምርመራም የመያዝ ፍርሃትን ይፈጥራል። ነገር ግን ፖሊስ በሁሉም መንገድ በሁሉም ሰዓት ሊቆም አይችልም። መኪናው ከመነሳቱ በፊት ቁልፉን የሚያየው ቤተሰብ ነው። የሕክምና አገልግሎት፣ የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ መዋቅሮች፣ እድሮችና መሥሪያ ቤቶች ይህን ቤተሰብ የሚደግፉበት መንገድ ካልተዘረጋ በር ከፍታ የምታመሰግነው ሚስት ብቻዋን ትቀራለች።

"ሳይቃጠል በቅጠል" የሚለው የአበው አባባል በዚህ ጉዳይ ላይ ሙሉ ትርጉሙን ያገኛል። በአንድ ምሽት ቤት የቀረ መኪና፣ በጊዜ የተጠራ ሽማግሌ ወይም ሳይዘገይ የተጀመረ ሕክምና በዋጋ ሲተመን አነስተኛ ነው። ዝምታ የሚያስከፍለው ዋጋ ግን በሁለት ቤተሰብ ላይ የሚያርፍ ነው፤ አንደኛው ቤተሰብ ደግሞ ስለ ገመናው የሚያውቀው ምንም ነገር አልነበረም።