መሐረቡን ማን አቀበለው?

(ከፍራንክፈርት አም ማይን)

ሰሞኑን እዚሁ ፍራንክፈርት ከአንድ የቆየ የትግል ጓደኛዬ ጋር ቡና ስንጠጣ ያው የተለመደው ወሬ ተነሳ። «ቅንጅትን ያፈረሰው ወያኔ ነው፤ ሰርጎ ገብ አስገብቶ ነው ያፈረሰው» አለኝ። ይህን አባባል ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት እግዚአብሔር ይወቀው። እኔም ራሴ ለዓመታት ስደጋግመው ኖሬአለሁ። ዛሬ ብዕር ያነሳሁት ግን ይህንኑ አባባል ለመቃወም ነው። የሚከፋቸው ወገኖች እንደሚኖሩ አውቃለሁ፤ ይክፋቸው!

ነገሩን ከቴአትር ልጀምረው። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን የሼክስፒርን «ኦቴሎ» ወደ አማርኛ መልሶታል። ኢያጎን ሆኖ የተጫወተው ደግሞ ያ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ያነበበልን ወጋየሁ ንጋቱ ነው። ታላቅ ወንድሜ ቴአትሩን አይቶ መጥቶ ማታ ማታ ቤት ውስጥ ኢያጎን እየሆነ ያሳየን ነበር። ስለ ቬኒስም ስለ ቆጵሮስም ምንም የማታውቀው እናታችን አንድ ቀን አዳምጣው ስታበቃ «ይሄንን ሰውዬ እኮ አውቀዋለሁ» አለች። የሰፈር ሰው መስሏት ነበር። አልተሳሳተችም።

ለመሆኑ ኢያጎ ማን ነው? ሹመት የቀረበት ሰው ነው። ጄኔራሉ ኦቴሎ ምክትልነቱን ለካሲዮ ሰጠበት፤ እሱ ሰንደቅ ዓላማ ያዥ ሆኖ ቀረ። አዎን፣ የኢያጎ ማዕረግ ሰንደቅ ዓላማ ያዥ ነው! በየሰላማዊ ሰልፉ ትልቁን ባንዲራ ይዞ ከፊት የሚቆመውን ሁሉ ማማት አልፈልግም፤ ግን እስቲ ልብ በሉልኝ። አማርኛችን ሌሎች ቋንቋዎች አንዳንዴ የሚደባልቁትን ነገር ለይቶ ያስቀምጣል። የኦቴሎ በሽታ ቅናት ነው፤ የሚወደውን እንዳያጣ የሚሰጋ ሰው ሕመም። የኢያጎ በሽታ ምቀኝነት ነው፤ እኔ ካላገኘሁት ማንም አያግኘው የሚል። ምቀኛው ቀናተኛውን እንደ ዱላ ይጠቀምበታል። የቴአትሩ ነገር ሁሉ ከዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደኛ ጉድ እንመለስ። ቴአትሩ ሲጀምር የቱርክ መርከቦች ቆጵሮስን ሊወጉ ይመጣሉ። ጦርነት ይሆናል ሲባል ማዕበል ይመታቸውና ይበተናሉ። ጠላት የለም፤ ድል ነው፤ ከበሮ ይመታል። ጄኔራሉ ያለቀው ከዚያ በኋላ፣ በገዛ ባንዲራ ያዡ እጅ ነው። ቅንጅትስ? ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ሕዝቡ ድምፁን ሰጠ፤ በአዲስ አበባ ምክር ቤት ከ138 መቀመጫ 137ቱን ቅንጅት ወሰደ። መሪዎቹ በ1998 ታሰሩ። ሃያ ወር ያህል ታስረው፣ በሐምሌ 1999 ዕድሜ ልክ ተፈርዶባቸው፣ ሐምሌ 13 በይቅርታ ወጡ። ቃሊቲ አልሰበራቸውም! ወጥተው ጥቂት ወራት እንኳ ሳይቆዩ ግን ኢንጂነር ኃይሉ ሻውል ባንድ ወገን፣ ወ/ት ብርቱካን ሚደቅሳና ዶ/ር ብርሃኑ ነጋ በሌላ ወገን ሆነው አሜሪካ ውስጥ ለየብቻ ስብሰባ ሲጠሩ አየን። በ2000 ዓ.ም. ምርጫ ቦርድ የቅንጅትን ስም አንስቶ ለነአቶ አየለ ጫሚሶ ሲሰጠው፣ እኛ ገና ማን ሊቀ መንበር ነው እያልን ስንናከስ ነበር።

መሪዎቹን አልወቅስም ማለቴ አይደለም። ነገር ግን በዚህ ጽሑፍ የምከሰው ራሳችንን፣ ውጭ አገር ያለነውን ነው። ቴአትሩ ውስጥ እኛን የሚመስል ገጸ ባሕርይ አለ፤ ሮደሪጎ ይባላል። ሀብታም ነው፣ ዴዝዴሞናን ከሩቅ ይወዳል፣ ኢያጎ ገንዘብና ጌጣጌጥ ይቀበለዋል፣ «እሰጥልሃለሁ» ይለዋል፣ ራሱ ያስቀረዋል። ሮደሪጎ አንድ ጊዜ ሂሳብ ሊጠይቅ ሲነሳ ሌላ ተልእኮ ይሰጠዋል፤ መጨረሻ ላይ ኢያጎ ራሱ በጨለማ ወግቶ ይገድለዋል። ቪሊ ብራንት አደባባይ ስታልፉ የከተማው ቴአትር ቤት ፊት ለፊት ያን ትልቅ ሰማያዊ የዩሮ ምልክት አይታችሁታል? እኔ ባየሁት ቁጥር ሮደሪጎ ትዝ ይለኛል። ከሩቅ መውደድና ገንዘብ መላክ አገር መምራት የመሰለን እኛ ነን።

ኢያጎ አንድም ክስ በግልጽ አይናገርም። «ተወው፣ ምን ያደርግልሃል» ይላል። «እኔ ምንም አላልኩም፣ ግን...» ብሎ ያቆማል። ይህን አነጋገር የማያውቅ ኢትዮጵያዊ አለ? ፓልቶክ ክፍል ውስጥ ስንት ሌሊት አደርንበት! ኦቴሎ ተደብቆ ካሲዮ ሲስቅ ያያል፤ ካሲዮ የሚስቀው ስለ ሌላ ሴት ነው፤ ኦቴሎ ግን ስለ ሚስቱ መሰለው። እኛም ተቆርጦ የተቀጠለ የስልክ ቅጂ ሰምተን፣ መጀመሪያውንና መጨረሻውን ሳንጠይቅ ስንቱን «ባንዳ» አልነው። አቶ ልደቱ አያሌውን ያስታውሷል። ያደረገው ሁሉ ትክክል ነበር እያልኩ አይደለም፤ ዛሬም የምከራከርበት ነገር አለኝ። ግን ከመካከላችን ስንቶቻችን ነን ሰውየው ራሱ ያለውን አንብበን የፈረድን?

«ታዲያ ጠላት የለም ልትል ነው?» የሚለኝ አይጠፋም። አለ እንጂ! ደርግ መኢሶንን በኢሕአፓ ላይ፣ ኢሕአፓን በመኢሶን ላይ ሲያገዳድል፣ ነሐሴ 1969 ላይ ደግሞ መኢሶን ራሱ መደበቂያ ሲፈልግ ያየ ትውልድ ይህን አይስትም። ግን ያኔም «አናርኪስት» «ባንዳ» የሚለውን ቃል ለአንድ ትምህርት ቤት ጓደኞች ያቀበለ መንግሥቱ ብቻ አልነበረም። ኢያጎ መሐረቡን ራሱ አልሰረቀም። ኦቴሎ ለሚስቱ በመጀመሪያ የሰጣት መሐረብ ወደቀ፣ አንስታ ለኢያጎ የሰጠችው ሚስቱ ኤሚሊያ ናት። ለምን እንደፈለገው አላጣራችም። ክፋት አልነበራትም፤ አቀበለች፣ በቃ።

እኔም አቀብያለሁ። በ2000 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ እዚህ ፍራንክፈርት ጋሉስ ሰፈር በተከራየነው አዳራሽ ስብሰባ ነበረን። ከዚያ በፊት በነበረው ሌሊት አንድ የማከብረው ሰው ደውሎ «ስለ ገንዘብ ያዣችሁ የምሰማው ነገር ደስ አይልም፤ እኔ ግን ምንም አላልኩም» አለኝ። ገንዘብ ያዣችን አንዲት እህታችን ነበረች፤ ቀን ሆስፒታል ጽዳት እየሠራች ማታ ደረሰኝ የምትጽፍ። ተነስቼ «ሂሳቡ ይመርመር፣ የሚባል ነገር አለ» አልኩ። ምን እንደሚባል ማንም አልጠየቀኝም። አጨበጨቡልኝ! እሷ ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ካፖርቷን ለብሳ ወጣች፤ ተመልሳም አልመጣች። በሁለት ወር ውስጥ ኮሚቴው ሁለት ሆነ፤ ከዚያም ምንም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ውኃ ፈሷል። ብርቱካን በታኅሣሥ 2001 ዳግም ታሰረች፣ በመስከረም 2003 ወጣች፤ ከ2011 እስከ 2015 ምርጫ ቦርድን መራች። ኢንጂነር ኃይሉ በ2009 አረፉ። ዶ/ር ብርሃኑ ከኤርትራ በረሃ ተመልሶ በ2014 የትምህርት ሚኒስትር ሆነ። በ2010 የተባበርን መስሎን የተቃቀፍነው ሰዎች ዛሬ በዘር ተቧድነን፣ ፓልቶኩን በፌስቡክና በዩቲዩብ ተክተን፣ ያንኑ «እኔ ምንም አላልኩም፣ ግን...» እንባባላለን። ወያኔ ከአራት ኪሎ ከወረደ ቆየ፤ አሁንስ ሰርጎ ገቡ ማን ነው?

ኤሚሊያ በመጨረሻ ነገሩ ሲገባት መሐረቡን ያነሳሁት እኔ ነኝ ብላ በሰው ሁሉ ፊት ትናገራለች። ባሏ አፏን ሊያስይዛት ይሞክራል፤ አልያዝ ስትል ይወጋታል። ሟች ሆና ስትናገር እንኳ አልፈራችም። እኔ በስንት ዓመቴ ነው!

ባለፈው ቅዳሜ ኮንስታብለርቫኸ ገበያ ላይ ያችን እህት አየኋት። ፀጉሯ ሸብቷል። «ደህና ነህ ወይ ወንድሜ፣ ልጆቹ ደህና ናቸው?» አለችኝ፤ እኔም ደህና ናቸው ብዬ ድንች መርጬ ሄድኩ። ስሟን እዚህ አልጽፍም፤ የነበሩት ያውቁታል። እነሱ እንዲያነቡት ግን ይህን እጽፋለሁ። ደብተሩን ያን ጊዜ ወደ ቤት የወሰድኩት እኔ ነኝ፣ ዛሬም እኔ ጋ አለ፤ ከሸንጎው በኋላ በሳምንቱ ቁጭ ብዬ ደረሰኝ በደረሰኝ አመሳክሬው ነበር። አንድ ሳንቲም አልጎደለም። ያን ጊዜ ለማንም አልተናገርኩም።