ከዊምብልደን ዋንጫ በኋላ ያለው የጽድቀት ጥያቄ

በሐምሌ 2014 ዓ.ም መጀመሪያ በለንደን ዊምብልደን የተካሄደው የሴት ታዳጊዎች የጥንድ ሜዳ ቴኒስ ፍጻሜ ለምሥራቅ አፍሪካ አዲስ ታሪክ የተመዘገበበት ነበር። የኬንያዋ አንጄላ ኦኩቶዪ ከኔዘርላንዷ ሮዝ ማሪ ናይካምፕ ጋር ተጣምራ ካናዳውያኑን ኬይላ ክሮስንና ቪክቶሪያ ምቦኮን አሸንፋለች። አሸናፊዎቹ የመጀመሪያውን ዙር 6 ለ 3 ቢሸነፉም ሁለተኛውን 6 ለ 4 ወስደው፣ በመለያው 11 ለ 9 ረትተዋል። በሁለቱ ወገኖች መካከል የነበረው የመጨረሻ ልዩነት ሁለት ነጥብ ብቻ ነው። እናቷን በወሊድ ያጣችውና በአያቷ እጅ ያደገችው ኦኩቶዪ፣ ከአራቱ ታላላቅ የቴኒስ ውድድሮች በአንዱ በታዳጊዎች ደረጃ ዋንጫ ያነሣች የመጀመሪያዋ ኬንያዊት ኾናለች።

ከዚያ በኋላ የተጫዋቾቹ መንገድ ተለያይቷል። በፍጻሜው ቀን ገና 15 ዓመቷ የነበረው ተሸናፊዋ ምቦኮ፣ በነሐሴ 2017 ዓ.ም ናኦሚ ኦሳካን በሞንትሪያል አሸንፋ ከዋና ዋናዎቹ የአዋቂዎች ዋንጫዎች አንዱን ወስዳለች። የ18 ዓመቷ ኦኩቶዪ ግን በታዳጊነት የምትጫወትበት ጊዜ እያበቃ ነበርና ወደ አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ አቀናች። በ2016 ዓ.ም በአክራ በተካሄደው የአፍሪካ ጨዋታዎች በነጠላ ውድድር ለአገሯ ወርቅ አስገኝታለች። ትምህርትን ከስፖርት ማጣመሯም የሚያስመሰግን ምርጫ ነው።

ኾኖም ልዩነቱን በተሰጥዖ ብቻ ማስረዳት አይቻልም። ወደ ዊምብልደን የታዳጊዎች ውድድር የሚያስገባው ዓለም አቀፍ የደረጃ ነጥብ ነው። ነጥቡ የሚሰበሰበው ከአገር አገር በመዘዋወር ሲኾን፣ ከጥንድ ጨዋታ የሚገኘው ለደረጃው የሚታሰበው በሩብ ብቻ ነው። በታዳጊዎች ውድድር የገንዘብ ሽልማት ስለሌለ፣ የአውሮፕላን፣ የማደሪያና የአሠልጣኝ ወጪ በቤተሰብ ወይም በፌዴሬሽን ትከሻ ላይ ይወድቃል። የካናዳ ታዳጊዎች አቅም ያለው ፌዴሬሽን አላቸው። ለአፍሪካውያን ታዳጊዎች ደግሞ ዓለም አቀፉ የቴኒስ ፌዴሬሽንና ታላላቆቹ ውድድሮች የሚሰጡት ድጋፍ በር ከፍቷል፤ ኦኩቶዪም የዚህ ድጋፍ ተጠቃሚ ነበረች። ይሁን እንጂ ተጫዋቿ ወደ አዋቂዎች ውድድር ስትሸጋገር ወጪው ይጨምራል፤ ተፎካካሪውም ይበረታል።

ይህ ለአርሶ አደሩ እንግዳ ነገር አይደለም። በክረምት የተተከለ ችግኝ ሁሉ አይጸድቅም፤ የጽድቀት መጠኑ የሚታወቀው በጋውን ካሳለፈ በኋላ ነው። ችግኙን በጉድጓድ ማኖር የአንድ ቀን ሥራ ሲኾን፣ ውኃ ማጠጣቱ፣ ማረሙና ከእንስሳት መጠበቁ ግን ዓመታትን ይፈልጋል። የታዳጊዎች ዋንጫም የመትከያው ዕለት እንጂ የምርት ስብሰባው አይደለም።

ስለዚህ ከኬንያዊቷ ድል ሊወሰድ የሚገባው ትምህርት ሁለት ገጽታ አለው። ከጎረቤት አገር የተነሣች ልጅ ከዓለም ምርጦች ጋር ተሰልፋ ልታሸንፍ እንደምትችል ተረጋግጧል። በሌላ በኩል፣ ለታዳጊ ስፖርተኞች የሚመደበው ድጋፍ ዋንጫው በተነሣበት ዕለት የሚያበቃ ከኾነ ድካሙ ፍሬ ሳያፈራ ይቀራል። በቅርብ ርቀት የሚካሄዱ ውድድሮችን ማብዛት የጉዞ ወጪን ይቀንሳል፤ ከ18 እስከ 22 ዓመት ላሉት የሽግግር ድጋፍ መመደብም የበጋውን ውኃ እንደማድረስ ነው። የስፖርት አመራሩ መመዘን ያለበት ባሰለፋቸው ታዳጊዎች ቁጥር ሳይኾን፣ ከዓመታት በኋላ ጸድቀው በተገኙት ነው።