ፍርሃት ያስጀመረውን መተማመን ያዝልቀው

ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ ሳይተላለፍ መገበያየት በአገራችን ደጋግሞ መነገር የጀመረው በኮቪድ 19 ዘመን ነው። የመጀመሪያው በሽተኛ መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገለጸ በኋላ በዚያው ወር መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። መጨባበጥ ቀረ፤ በየመሥሪያ ቤቱ በር በእግር እየተረገጠ ውኃ የሚያወርድ መታጠቢያ ቆመ፤ የብር ኖትም በጥርጣሬ ይታይ ጀመር። ዛሬ መጨባበጡ ተመልሷል። ከመታጠቢያዎቹም ብዙዎቹ ተረስተዋል። በስልክ መክፈል ግን አልቀረም፤ እንዲያውም እየተስፋፋ ሄዷል። ሦስቱንም ያስመከረው አንድ ፍርሃት ሆኖ ሳለ አንዱ ብቻ ለምን ዘለቀ?

ይህ ጥያቄ የከተማ ሰው ጥያቄ ብቻ አይደለም። በሸዋ ቤንች፣ በሚዛን ተፈሪና በቴፒ ዙሪያ ቡና አምራቹን የምትመሩ የገበሬ ማኅበራትና የኅብረት ሥራ ማኅበራት መሪዎች ሁሉ ልታስቡበት ይገባል። ገበሬው የዓመት ድካሙን ዋጋ በስልክ ተቀበል ሲባል መጀመሪያ ወደ እናንተ ዞሮ «ይታመናል ወይ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርምና።

በመጀመሪያ ስለ ፍርሃቱ እውነቱን መናገር ያስፈልጋል። በ2012 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅት የወረቀት ገንዘብ በሽታ ያስተላልፋል ብሎ አስጠነቀቀ የሚል ወሬ በየአገሩ ተሠራጭቶ ነበር። ድርጅቱ ግን ያንን እንዳላለ ገለጸ፤ ምክሩ ገንዘብ ከነኩ በኋላ እጅን መታጠብ ነበር። በኋላም የእንግሊዝ ባንክ ባስጠናው ጥናት በወረቀት ገንዘብ አማካይነት በሽታው የመተላለፉ አደጋ አነስተኛ ሆኖ ተገኝቷል። ስለሆነም ሰዎችን ወደ ስልክ የገፋቸው የተረጋገጠ አደጋ ሳይሆን ከአደጋው የገዘፈ ሥጋት ነበር ማለት ይቻላል። ችግር በቅቤ ያስበላል እንዲሉ፣ በደህና ቀን ያልተሞከረው በክፉ ቀን ተሞከረ።

ይሁን እንጂ ፍርሃት ብቻውን በቂ እንዳልነበረ የጎረቤታችን የኬንያ ልምድ ያስረዳል። ኬንያውያን ኤም ፔሳ የተባለውን የስልክ ገንዘብ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ያውቁታል። ኮቪድ ሲገባ፣ በመጋቢት 2012 ዓ.ም.፣ እስከ 1,000 ሽልንግ ለሚደርስ መላላክ የአገልግሎት ክፍያው ለ90 ቀናት እንዲቀር ተደረገ። ከዚህ የምንረዳው በዚያ አገር ሦስት ነገሮች መገጣጠማቸውን ነው። ሥጋቱ ነበረ፤ ወጪው ቀለለ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ገንዘቡን ተቀብሎ ወዲያው የሚመነዝር ወኪል ለብዙ ዓመታት በየመንደሩ ታውቆ ቆይቷል።

የእኛ አገር ሁኔታ ከዚህ የተለየ ነው። ብሔራዊ ባንክ፣ ባንክ ያልሆኑ ድርጅቶችም የስልክ ገንዘብ አገልግሎት እንዲሰጡ በመመሪያ የፈቀደው በዚያው በ2012 ዓ.ም. ነበር። ቴሌብር ሥራ የጀመረው ግን ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያው በሽተኛ ከተገኘ 14 ወራት አልፈው ነበር። ያም ሆኖ በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ከ20 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች ተመዝግበዋል። ፍርሃቱ እየበረደ ሳለ ተመዝጋቢው የበዛበት ምክንያት ግልጽ ነው። በባንክ በር ተሰልፎ መዋልን፣ ለዘመድ ገንዘብ ለማድረስ መንገድ መሄድንና ብር በኪስ ይዞ ማደርን የሚያስቀር ነገር ስለተገኘ ነው። በመካከሉም መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. የብር ኖት መለወጡ ሲታወጅ፣ ገንዘቡን በቤቱ ያስቀመጠ ሁሉ ወደ ባንክ መሄድ ግድ ሆኖበት ነበር። ብር በሣጥን ማኖር የራሱ ሥጋት እንዳለው ብዙ ገበሬ ያን ጊዜ ተረድቷል።

እንግዲህ ፍርሃት ያስጀምራል፤ የሚያስቀጥለው ግን ጥቅምና መተማመን ነው። መመዝገብ አንድ ነገር ሲሆን መጠቀም ሌላ ነው። በቡና አገር መተማመኑ የሚፈተነው ደግሞ በሚዛኑ አጠገብ ነው። እሸት ቡና ከተለቀመ በኋላ ቶሎ መሸጥ አለበት፤ ገበሬው ክፍያው እስኪጣራለት አሳድሮ ሊጠብቅ አይችልም። በዚያች ሰዓት መልእክቱን ማንበብ ያልቻለ ሰው በገዢው ቃል ብቻ ይሸኛል። ምሥጢር ቁጥሩን ሌላ ሰው እንዲይዝለት የሰጠም ቡናውን ሸጦ ገንዘቡን ላያገኝ ይችላል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ነው።

የሴቶቹም ጉዳይ በቀላሉ መታየት የለበትም። ሚስት ጀንፈል ወደ ገበያ አውጥታ ስትሸጥ ብሩ በእጇ ይገባል፤ ከዚያም ላይ ጨውና ሳሙና ትገዛለች፤ የልጆችን ደብተር ታሟላለች። ክፍያው በባል ስልክ የሚገባ ከሆነ ግን ያ ገንዘብ ከእጇ ወጣ ማለት ነው። በእጅ ሳይነካ የሚከፈል ገንዘብ የደከመበትን እጅ ጭራሽ ሳይነካ እንዳይቀር መጠንቀቅ ይገባል።

በመሆኑም መሪዎች ሊያደርጉት የሚችሉት ብዙ ነው። አንደኛ፣ የቡና መሰብሰቢያው ወር ከመድረሱ በፊት በቀበሌው ያለው ወኪል በቂ ጥሬ ገንዘብ እንዲኖረው መነጋገር ያስፈልጋል፤ ወደ ብር የማይመነዘር የስልክ ቁጥር ለገበሬው ገንዘብ አይደለምና። ሁለተኛ፣ ሻጩ በገዢው ስልክ ላይ በሚታየው ጽሑፍ ሳይሆን በራሱ ስልክ ቀሪ ሒሳቡን አይቶ ቡናውን እንዲያስረክብ ማስለመድ ነው። ለዚህ ዘመናዊ ስልክ አያስፈልግም፤ በተራው ቀፎም *127# ደውሎ የቴሌብርን ሒሳብ ማየት ይቻላል። ሦስተኛ፣ በየመሰብሰቢያ ጣቢያው ማንበብ የሚችልና ቤንችኛ የሚናገር፣ ማኅበርተኛው የመረጠው ወጣት በሽያጭ ሰዓት እንዲገኝ ማድረግ ጠቃሚ ነው። እርሱ መልእክቱን ያነብባል እንጂ ምሥጢር ቁጥር አይጠይቅም፤ አይነካምም። አራተኛ፣ ሴቶች በስማቸው የወጣ ሲም ካርድ እንዲኖራቸው ማበረታታት ነው። አምስተኛ፣ በጥሬ ገንዘብ ልቀበል የሚለውን ገበሬ ማስገደድ አይገባም። በ2015 ዓ.ም. የነዳጅ ግዢ በስልክ ብቻ እንዲሆን ሲደነገግ ባለመኪናው ሌላ አማራጭ ስላልነበረው ተቀበለ። በትእዛዝ መቀበልና አምኖ መቀበል ግን አንድ አይደሉም።

ይህን ሁሉ አሁን፣ በደህና ቀን ማሰብ ይሻላል። ከክልላችን ጋር በሚዋሰነው በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል፣ በጂንካ ከተማ፣ የማርበርግ በሽታ መከሠቱ በኅዳር ወር 2018 ዓ.ም. ተረጋግጦ ነበር። ያ በሽታ የሚተላለፈው በታመመ ሰው የሰውነት ፈሳሽ በመሆኑ የስልክ ክፍያ መከላከያው አይደለም፤ የጤና ባለሙያ ምክር መስማትና በሽተኛን በጥንቃቄ መያዝ ነው መከላከያው። ነገር ግን መንገድና ገበያ በበሽታ ምክንያት ቢታወኩ፣ ከሩቅ ያለ ልጅ ለወላጆቹ ገንዘብ የሚያደርስበት፣ ማኅበሩም ለአባሎቹ የሚከፍልበት የታወቀና የታመነ መንገድ ቀድሞ መኖሩ ትልቅ እፎይታ ነው።

ክፉ ቀን ሲመጣ ሰው የሚይዘው በደህናው ቀን የለመደውን ነው። በጭንቅ ሰዓት አዲስ ነገር የሚማር ገበሬ ለአታላይ ይጋለጣል፤ ቀድሞ የተማረው ግን ገንዘቡን ያውቃል፣ ቁጥሩን ይጠብቃል። የገበሬ ማኅበራት መሪዎችም ሚዛኑ ትክክል መሆኑን እንደምትቆጣጠሩ ሁሉ፣ ከሚዛኑ በኋላ ያለው ክፍያ ከባለቤቱ እጅ መግባቱን ልትቆጣጠሩ ይገባል እንላለን።