ስለ እህል ገበያና ስለ ረኃብ

እህል በጠፋ ቁጥር «ነጋዴው ደበቀው» ማለት ለእኛ ለተማሪዎች ይቀናናል። ነገር ግን በ1965 ዓ.ም. ወሎ ሲራብ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ እህል ይጫን ነበር። ሰብሉ የጠፋበት፣ ከብቱ ያለቀበት ገበሬ መግዣ ገንዘብ አልነበረውማ! ደርግ ግን ነጋዴውን ጥፋተኛ አድርጎ በእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በኩል ኮታ ጣለ፤ በየኬላውም እህል አገደ። ኮታው ያልሞላለት ገበሬ ከገበያ በውድ እየገዛ ለመንግሥት በርካሽ እስከ ማስረከብ ደረሰ። (እንዲህ ያለ ንግድ በየት አገር ተሰምቷል?) በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ጊዜ እንኳ ኮታው አልቀረም፤ የተነሣው በ1982 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ በችግር ጊዜ መንግሥት ኬላውን ይክፈት፤ ገበሬውም በሬውን ከመሸጡ በፊት ገንዘብ በእጁ ያድርስለት።