ለገና ልብንም ማሰናዳት

ወራቷ የገባ ሴት ባለችበት ቤት ሥራው አስቀድሞ ይታወቃል። የገንፎው እህል ይፈጫል፤ ቅቤው ይነጠራል፤ የሕፃኑ መጠቅለያ ታጥቦ ይቀመጣል። አራሷን የምታርስ ዘመድ ወይም ጎረቤትም ከወዲሁ ይነገራታል። ሕፃኑ ገና በዓይን ሳይታይ፣ መምጣቱ መታወቁ ብቻ ቤተሰቡን ሁሉ ያንቀሳቅሳል።

ውድ አንባብያን፤ ገናም የልደት በዓል ነው። ይሁንና በብዙዎቻችን ቤት ዝግጅቱ በዶሮ፣ በቅቤና በልጆች ልብስ ይጀመርና በዚያው ያበቃል። በፋብሪካም ሆነ በቢሮ የምትውል እናት ከሥራ መልስ ገበያ ትወጣለች፤ ሌሊቱን ሽንኩርት ስትከትፍና ወጥ ስታቁላላ ታድራለች። በዓሉ ሲነጋ ሌላው ይደሰታል፤ እርሷ ግን ከድካም ብዛት ደስታውን የምትቀበልበት አቅም አይተርፋትም። አንዳንዷም የበዓሉን ዕዳ እስከሚቀጥለው ወር ደመወዝ ትሸከማለች። ስለዚህ በዛሬው ዓምዳችን የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ለዚህ ወቅት ያላትን ሥርዓት እንመለከታለን፤ ለቤታችን የሚሆን ትምህርት ይገኝበታልና።

በሮማ ሥርዓት በሚመሩ ካቶሊካውያን ዘንድ ከገና በፊት ያለው ጊዜ «አድቬንት» ይባላል። ቃሉ ከላቲን የመጣ ሲሆን ትርጉሙ «መምጣት» ማለት ነው። ጊዜው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ኖቬምበር 30 ቀን በሚውልበት ወይም ለዚያ ቀን በሚቀርበው እሑድ ይጀመርና አራት እሑዶችን ያካትታል። ርዝመቱም እንደየዓመቱ ከ22 እስከ 28 ቀን ይደርሳል። ካህናቱ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ልብሰ ተክህኖ ይለብሳሉ። ሦስተኛው እሑድ ግን የደስታ እሑድ ስለሆነ በሮዝ ቀለም ሊለብሱ ይችላሉ።

እያንዳንዱ እሑድ የራሱ መልእክት አለው። በመጀመሪያው ሰው ነቅቶ እንዲጠብቅ ይመከራል። በሁለተኛው የመጥምቁ ዮሐንስ የንስሐ ጥሪ ይነበባል። በሦስተኛው የሚመጣው ደስታ ይታሰባል። አራተኛው ሐሳብን ሁሉ ወደ ልደቱ መቃረብና ወደ እመቤታችን ማርያም ይመልሳል። ብዙውን ሥራ ለአንድ ቀን ሳያከማቹ ልብን በየሳምንቱ በጥቂት በጥቂቱ ማሰናዳት ይሏል ይህ ነው።

በዚህ ወቅት በብዙ ቤትና ቤተ ክርስቲያን በቅጠል አክሊል ላይ አራት ሻማዎች ይደረደራሉ፤ በየእሑዱም አንድ እየተጨመረ ይበራል። ልማዱ የተስፋፋው ከጀርመን አገር ነው። ዮሐን ሂንሪክ ቪሸርን የተባለ የፕሮቴስታንት አገልጋይ በሃምቡርግ ከተማ በ1833 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ለችግረኛ ልጆች ማሳደጊያ አቋቋመ። በ1839 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ልጆቹ ወደ በዓሉ የሚቀሩትን ቀናት እንዲቆጥሩ በጋሪ ጎማ ላይ ሻማዎችን ተከለላቸው፤ ትልልቆቹ ለእሑዶች፣ ትንንሾቹ ለሌሎቹ ቀናት ነበሩ። ካቶሊካውያንም በ20ኛው መቶ ዓመት ልማዱን ተቀበሉት። ወላጅ የሌለው ወይም የተቸገረ ልጅ እንኳ መጠበቅን በደስታ ሊማር እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን።

በአገራችንም የመጠበቅ ሥርዓት ጥንታዊ ነው። የነቢያት ጾም ከኅዳር 15 ቀን ጀምሮ እስከ ልደት ዋዜማ ይጾማል። ታኅሣሥ ከገባ በኋላ የሚውሉት ሦስቱ እሑዶችም ስብከት፣ ብርሃንና ኖላዊ ይባላሉ። በስብከት የነቢያት ትንቢት ይታወሳል፤ በብርሃን የዓለም ብርሃን ይናፈቃል፤ በኖላዊ ደግሞ መልካሙ እረኛ ይጠበቃል። እንግዲህ የሮማው አራት እሑድና የእኛው ሦስት እሑድ የሚያስተምሩት ተመሳሳይ ነገር ነው ማለት ይቻላል።

ይህን ወደ ቤታችሁ ለማምጣት ብዙ ወጪ አያስፈልግም። በመጀመሪያው ሳምንት ከእራት በኋላ ቴሌቪዥኑንና ስልኩን ለሩብ ሰዓት ዝጉ። አንድ ሻማ አብሩና ቤተሰቡ በአንድነት ጸሎት ያድርስ። ሻማው ትልቅ ሰው በሌለበት እንዳይበራ፣ ከመጋረጃም እንዲርቅ ጥንቃቄ ይደረግ። ልጆች ስንት ሳምንት እንደቀረ ይቁጠሩ፤ የሚጠብቁት ምን እንደሆነም በራሳቸው አንደበት ይናገሩ። ከአዲስ ልብስ ሌላ የሚሉት ካጡ፣ ያን ጊዜ ትምህርቱ ከየት መጀመር እንዳለበት ታውቃላችሁ።

ሁለተኛው ሳምንት የዕርቅ ይሁን። ከጎረቤት፣ ከአማት ወይም ከሥራ ባልደረባ ጋር ቅያሜ ካለ ሽማግሌ ይላክ ወይም ራሳችሁ ሂዱ። የሰው ገንዘብ ካለባችሁ ከዶሮው በፊት ዕዳው ይታሰብ። የቤት ሠራተኛ ካለቻችሁም ደመወዟ ከበዓሉ አስቀድሞ ይከፈላት፤ እርሷም የምታስበው እናትና የምትናፍቀው ቤት አላት።

በሦስተኛው ሳምንት ደስታችሁን አካፍሉ። ብቻዋን ለምትኖር አሮጊት፣ ለታመመ ጎረቤት ወይም ሥራ ለፈታ ቤተሰብ ቤት ካፈራው ላይ ይቀነስ። ስጦታውን ልጆቻችሁ በእጃቸው ያድርሱ፤ በአፍ ከሚነገር ምክር ይልቅ እግራቸው የሄደበት በልባቸው ይቀራልና።

በአራተኛው ሳምንት እናት ትረፍ። ይህን የምንለው ለቅንጦት አይደለም። የመውለጃዋ ቀን የደረሰን ሴት እንስራ የሚያሸክም ቤተሰብ እንደሌለ ሁሉ፣ በልደት ዋዜማም የቤቱን ሥራ በአንዲት ሴት ጫንቃ ላይ መጣል ተገቢ አይደለም። ባል ገበያውን ይውሰድ፤ ወንዶቹም ልጆች ሽንኩርቱን ይላጡ፣ ቤቱን ይጥረጉ። በርበሬውና ቅመሙ አስቀድሞ በየሳምንቱ ከተሰናዳ ለዋዜማው የሚቀረው ሥራ ጥቂት ነው። ድስቱ አንድ ዓይነት ወጥ ቢያንሰው በዓሉ አይጎድልም። እናቲቱ ግን ቤተ ክርስቲያን ሳትሳለም፣ ለአንድ አፍታም በጸጥታ ሳትቀመጥ በዓሉ ካለፈ ቤቱ ለእንግዳው ተሰናድቶ አስተናጋጇ ቀርታለች ማለት ነው።

እናቶች ሆይ፤ ልጅ ሊወለድ ሲል ቤት እንዴት እንደሚሰናዳ ከእናንተ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ዘንድሮ በዚያው ዕውቀታችሁ ተጠቀሙ፤ ሥራውን ለቤተሰቡ አካፍሉና ከሚጠብቁት ጋር ተቀምጣችሁ እናንተም ጠብቁ።