የጐብኚ ትርፉ በማደሩ ነው

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ብርሃን በኩል ወደ ወሎ የሚወስደው አውራ ጐዳና ለሰሜን ሸዋ ነጋዴ የእንጀራ ገመዱ ነው። በዚሁ መንገድ የሚያልፈው የውጭ አገር ጐብኚ ግን አብዛኛውን ጊዜ ለከተማችን የሚተውላት የአንድ ምሳ ዋጋና የመኪናውን ነዳጅ ሒሳብ ብቻ ነው። ጧት ከአዲስ አበባ ይነሣል፤ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደብረ ብርሃን ሲደርስ ጥቂት ያርፋል፤ ከዚያም ላሊበላ ሩቅ ነው ተብሎ ይጣደፋል። አንኮበር በስተቀኙ፣ መንዝ በስተግራው ይቀሩበታል። ስማቸውንም እንኳ ሳይሰማ የሚያልፍ ብዙ ነው።

ይህ የሆነው በአገራችን የሚታይ ነገር ስለ ጠፋ አይደለም። በ1950ዎቹ ዓመታት አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ የኢትዮጵያን የቱሪዝም ሥራ ሲያቋቁሙ፣ ታሪካዊ ጉዞ የተባለው መስመር በባሕር ዳር፣ በጐንደር፣ በአክሱምና በላሊበላ ላይ ተመሠረተ። መስመሩም በአውሮፕላን አገልግሎት የተደገፈ ስለ ነበረ ለዘመኑ ብልህነት የተመላበት አሳብ ነበር። ነገር ግን በአየር የሚሄድ እንግዳ ሸዋን የሚያያት ከደመና በላይ ሆኖ ነው። በመኪና የሚሄደውም ያንኑ መስመር ለመከተል ስለሚቸኩል መካከለኛውን አገር እንደ ድልድይ ብቻ ይቈጥረዋል። እንግዲህ ነገሩን ለማቃናት የሚያስፈልገው አዲስ ሐውልት መሥራት ሳይሆን የጉዞውን ቀን በአግባቡ መደልደል ነው እንላለን።

የጉዞ ፕሮግራም የሚያወጡ ሰዎች በብዛት የሚሳሳቱት በቦታ ቍጥር ስለሚፎካከሩ ነው። በአሥር ቀን ውስጥ አሥራ ሁለት ከተማ አሳያለሁ የሚል ማስታወቂያ ከሩቅ ሲያዩት ትርፍ ይመስላል። እንግዳው ግን ቀኑን ሙሉ በመኪና ውስጥ ታሽጎ ይውላል፤ ማታ ደክሞ ይተኛል፤ ጧት ሳይነጋ ይቀሰቀሳል፤ አገሩ ሲገባም የሚያስታውሰው አቧራውን ነው። እንዲህ ያለው መንገደኛ ዕቃ አይገዛም፤ ወዳጁንም ሂድና እይ ብሎ አይልክም።

የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ ሻለቃ ሃሪስ እ.ኤ.አ. በ1841 ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አገር በመጣ ጊዜ ከአንድ ዓመት በላይ በሸዋ ተቀምጦ ነበር። በዚያን ጊዜ የወዳጅነትና የንግድ ውል ከመዋዋሉም በላይ፣ ያየውንና የሰማውን ጽፎ በሦስት ቅጽ አሳተመ። የዛሬው ጐብኚ ዓመት ይቀመጥ የሚል የለም፤ ነገር ግን አንድ ሰው ጽፎ በሦስት ቅጽ ያልጨረሰውን አገር በሁለት ሰዓት አሳይቼ እመለሳለሁ ማለት እንግዳውን ማታለል ነው።

ለምሳሌ የሚሆን አንድ የጉዞ አሳብ እናቀርባለን። የእንግዶቹ ቍጥር ከስምንት አይበልጥ፤ በሁለት መኪና ይያዙ፤ ጊዜውም ስድስት ቀንና አምስት ሌሊት ይሁን። በመጀመሪያው ቀን ማለዳ ከአዲስ አበባ ተነሥተው ዳግማዊ ምኒልክ በ1836 ዓ.ም. የተወለዱባትን አንጎለላን አይተው በደብረ ብርሃን ይደሩ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2800 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለሆነች፣ ከቆላ አገር ለመጣ ሰው የመጀመሪያውን ቀን በዝግታ ማሳለፍ ለጤናው ይበጀዋል። በማግሥቱ ጧት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በአሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት እ.ኤ.አ. ከተማቸውን የቈረቈሩባትን የሥላሴን ደብር ይሳለሙ፤ የመንዝ በግ ጠጕር ተፈትሎ በርኖስና ባና ሆኖ የሚወጣበትንም የሸማኔ ሥራ ይመልከቱ። ከሰዓት በኋላ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ ተጉዘው አንኮበር ይግቡ።

በአንኮበር ሁለት ሌሊት ማደር ግድ ነው። የሸዋ ነገሥታት መናገሻ የነበረው ኮረብታ ጧት በጉም ተሸፍኖ ሊውል ይችላልና አንድ ቀን ብቻ የያዘ እንግዳ የአፋርን ቆላ ከላይ ሆኖ የማየቱን ዕድል በአጋጣሚ ላይ ጥሎ ይመጣል። ሙሉ ቀን ያለው ሰው ግን በእግሩ ወይም በበቅሎ ወደ አልዩ አምባ አቅጣጫ ይወርዳል። አልዩ አምባ በሣህለ ሥላሴ ዘመን ከሐረርና ከታጁራ የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ የሚገናኝበት ገበያ ነበረ። ለንግድ ሰው ከዚህ የበለጠ ታሪክ የት ይገኛል? ወፍ ለማየት ብለው ከሩቅ አገር የሚመጡም አሉ፤ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማትገኘው፣ እ.ኤ.አ. በ1979 በአንኮበር ስም የተሰየመችው ትንሽ ወፍ ለእነርሱ ከቤተ መንግሥት ትበልጥባቸዋለች። ወፍ ደግሞ በቀጠሮ አትመጣም፤ የሚጠብቃት ጊዜ ያለው ሰው ነው።

በአራተኛው ቀን በደብረ ብርሃን ተመልሰው፣ ጣርማ በር አጠገብ ወደ ግራ ታጥፈው ወደ ጓሳ ይወጣሉ። ጓሳ ከ3200 ሜትር በላይ የሆነ ውርጫማ ሜዳ ስለሆነ፣ ሰውነታቸው በደብረ ብርሃንና በአንኮበር ከደጋው አየር ጋራ ከተላመደ በኋላ መድረሳቸው የተሻለ ነው። እዚያም ሁለት ሌሊት ይደሩ። ጭላዳ ማታ ወደ ገደሉ ወርዶ ያድራል፤ ጧት ፀሐይ ሲሞቀው ወደ ሜዳው ይወጣል። ቀይ ቀበሮም አይጥ ሲያድን የሚታየው በስፍራው አድሮ ማልዶ ለሚጠብቅ ሰው ነው። በስድስተኛው ቀን በደብረ ብርሃን ምሳ በልተው አዲስ አበባ ይመለሳሉ።

አሁን ሒሳቡን እንመልከት። ሃያ አራት ሰዎች በአውቶቡስ መጥተው በደብረ ብርሃን ምሳ ቢበሉ ለአገሩ የሚቀረው ሃያ አራት ምሳ ነው። ስምንት ሰዎች ከላይ በተጻፈው አኳኋን ቢጓዙ ግን አርባ አልጋ ይከራያሉ፤ አርባ ቍርስ፣ አርባ እራትና አርባ ስምንት ምሳ፣ በድምሩ 128 ማዕድ ይቀርብላቸዋል። የመንገድ መሪው፣ የበቅሎ አከራዩ፣ የጥበቃው፣ የባናው፣ የማሩ ዋጋ ከዚህ ውጭ ነው። ከአውቶቡሱ እንግዶች በቍጥር ሢሶ የሆኑት ሰዎች በማዕድ ብቻ ከአምስት እጥፍ በላይ ገበያ አመጡ ማለት ነው።

እንግዳ ሲበዛ ገቢ ይበዛል የሚሉ ሰዎች ተቃውሞ ሊያቀርቡ ይችላሉ። ነገር ግን ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ቢመጣ በአንኮበርና በጓሳ የሚያሳድረው በቂ አልጋ የለም፤ ስለዚህ አይቶ ሊመለስ ነው። የሩዋንዳ መንግሥት ጐሪላ ለማየት የሚሄዱትን ጐብኚዎች በአንድ መንጋ ከስምንት ሰው፣ በቀንም ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጡ ከወሰነ በኋላ የፈቃዱን ዋጋ እ.ኤ.አ. በ2017 ወደ 1500 ዶላር ከፍ አደረገ። ማጣትንና ማግኘትን የሚያውቅ አገር ቍጥሩን ወስኖ ዋጋውን እንደሚያስከብር ከዚህ እንማራለን።

ከሩቅ ሳንሄድም የገዛ አባቶቻችን ይህንኑ ያውቁት ነበር። የመንዝ ሕዝብ የጓሳን ሣር ከአሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቄሮ ሥርዓት እየጠበቀ፣ ለዓመታት ዘግቶ፣ በስምምነት ቀን ከፍቶ ያጭድ ነበር። ሁሉም በየፊናው ቢያጭድ ኖሮ ዛሬ ጓሳም፣ ቀበሮም፣ ጐብኚም ባልኖረ። ሥርዓቱ በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ከተቋረጠ በኋላም ሕዝቡ ጥበቃውን በሌላ መልክ መልሶ አቁሞታል።

ስለ ጸጥታው ሳይናገሩ ማለፍ ከእውነት መሸሽ ይሆናል። በሐምሌ ወር 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ መንገዱ አንድ ጊዜ ሲከፈት፣ ሌላ ጊዜ ሲዘጋ ታይቷል፤ ባለሆቴሎችና አስጐብኚዎችም ብዙ ተጐድተዋል። ስለዚህ ማንኛውም የጉዞ ዕቅድ ከመነሻው ዋዜማ መንገዱን መጠየቅን፣ በሌሊት አለመጓዝን፣ ቢያንስ አንድ ትርፍ ቀን መያዝን ሊያካትት ይገባዋል፤ መንገዱ አያስተማምንም ከተባለም ጉዞው ይቅር። የእንግዳ ሕይወት ለገበያ አይቀርብም። ሆኖም ገበሬ ሞፈሩን የሚጠግነው በበጋ እንጂ ዝናም ሲጀምር አይደለምና፣ ሰላም ሲሰፋ የሚያስፈልገውን ዝግጅት አሁን መጀመር ተገቢ ነው።

የዝግጅቱም ድርሻ በአብዛኛው የነጋዴው ነው። በመጀመሪያ፣ የአልጋና የምግብ ዋጋ በግልጽ ተጽፎ ይለጠፍ፤ ለእንግዳ ሌላ፣ ለአገር ሰው ሌላ ዋጋ መጥራት የአንድ ቀን ትርፍ አምጥቶ የዓመቱን ገበያ ያጠፋል። ሁለተኛ፣ የበቅሎና የመንገድ መሪ አገልግሎት በተራ እንዲሆን የአንኮበርና የመንዝ ሰዎች ተስማምተው ይወስኑ። ሦስተኛ፣ ንጹሕ መጸዳጃ፣ ሙቅ ውሃና ወፍራም ብርድ ልብስ ይዘጋጅ፤ በሱፍ ሥራዋ በታወቀች ከተማ እንግዳ በብርድ ማደሩ ያሳፍራል። አራተኛ፣ በጾም ቀን የሚመጣ እንግዳ የሚበላው እንዳያጣ፣ የማይጾመውም እንዳይቸገር አስቀድሞ ይታሰብ።

የንግድ ምክር ቤት አባሎች የሆኑ ባለሆቴሎች፣ አስጐብኚዎችና የእጅ ሥራ ነጋዴዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው አንድ የጋራ የጉዞ ፕሮግራምና አንድ የዋጋ ሠንጠረዥ እንዲያወጡ አደራ እንላለን። ለዚህ ሥራ ትልቅ ካፒታል አይጠየቅበትም፤ የሚጠየቀው መስማማት ነው። አንኮበር በሁለት ሰዓት የሚታይ ኮረብታ ሆና እንዳትቀር፣ ደብረ ብርሃንም የምሳ ማቆሚያ ብቻ እንዳትሆን የሚያደርገው እንግዳው የሚያድርባት ሌሊት መሆኑን ሁላችንም እንገንዘብ።