ለጀማሪ ቃል ንፈጉ ያላችሁ ማን ነው?

በየአጥቢያው ሰንበት ትምህርት ቤትና በየጸሎት ቤቱ መጽሐፍ ቅዱስ እናስተምራለን የምትሉ ሁሉ፣ ዛሬ ጠቤ ከእናንተ ጋር ነው። ነጠላ ያጣፋችሁትንም ከረባት ያሰራችሁትንም አልለይም፤ በዚህ ጉዳይ አንድ ናችሁ። ወጣቱን "ና፣ ቃለ እግዚአብሔር ተማር" ብላችሁ ትጠሩታላችሁ። ሥራውን ጥሎ፣ የታክሲ ሰልፍ ተሰልፎ ይመጣል። መጥቶ ከተቀመጠ በኋላ ግን ትምህርታችሁን ለመከተል የሚያስፈልጉትን ሠላሳ አርባ ቃላት ሳትነግሩት ዓመት ታስቆጥሩታላችሁ። ኪዳን፣ ጽድቅ፣ ጸጋ፣ ኦሪት፣ ሐዋርያ፣ ፈሪሳዊ፣ ቀራጭ፣ ስርየት፣ ቤዛ፤ ከአፋችሁ እንደ ቆሎ ይረግፋል። ጀማሪው አንገቱን ይነቀንቃል። የገባው መስሏችሁ ብትቀጥሉ ባልከፋኝ፤ እንዳልገባው ከዓይኑ እያነበባችሁ መቀጠላችሁ ነው የሚያንገበግበኝ።

ከማውጫው እንነሣ። አምስቱን የሙሴ መጻሕፍት በቃሉ የማይወጣ የሰንበት ተማሪ የለም። ዘፍጥረት፣ ዘጸአት፣ ዘሌዋውያን፣ ዘኍልቍ፣ ዘዳግም፤ ትንፋሽ ሳይወስድ ያወርደዋል። እስቲ አንዱን አቁሙና "ዘኍልቍ ምን ማለት ነው?" በሉት። ጣራ ጣራውን ያያል። ቍጥር ማለት ነው እኮ! የቆጠራ መጽሐፍ! ይህን ያልተነገረው ልጅ መጽሐፉን ሲገልጥ የስም ዝርዝርና አኃዝ ይጠብቀዋል፤ ከሮቤል ነገድ ይህን ያህል፣ ከስምዖን ነገድ ይህን ያህል፣ ድምሩ 603,550። ሁለት ገጽ ታግሎ ይከድነውና "መጽሐፍ ቅዱስ ይከብደኛል" ብሎ ራሱን ይወቅሳል። ስሙ ምን ማለት እንደሆነ ቀድሞ ቢነገረው ግን ቆጠራውን ይከታተል ነበር። ከግብፅ የወጣው ሕዝብ በሲና ምድረ በዳ ለጦርነት የሚደርሰውን ወንድ ሁሉ፣ ከሃያ ዓመት ጀምሮ፣ ይቆጥራል። ምዕራፍ 26 ላይ ደግሞ በሞዓብ ሜዳ፣ በዮርዳኖስ ማዶ፣ እንደገና ይቆጠራል። በመጀመሪያው መዝገብ ከገቡት ውስጥ በሁለተኛው የተገኙት ካሌብና ኢያሱ ብቻ ናቸው። ሌላው በረሃ በላው። የመጽሐፉ ኀዘን ያለው በሁለቱ ቆጠራዎች መካከል ነው፤ በር ላይ የተጻፈውን አንድ ቃል ያልፈታችሁለት ተማሪ ይህን ከየት ያመጣዋል? ዘዳግምም እንዲሁ ነው። ሙሴ ሊሞት ሲል ሕጉን ለአዲሱ ትውልድ ዳግመኛ የተናገረበት ስለሆነ ነው ዘዳግም የተባለው። ይኸው፣ አንድ ዓረፍተ ነገር አልፈጀብኝም።

ጥቅስ ማውጣትም ራሱን የቻለ ፈተና ነው። መምህሩ "መዝሙር 50ን አውጡ" ይላል። ጀማሪው ያወጣል፤ በስልኩ ላይ ያለው እትም ግን 50 ብሎ ሌላ መዝሙር ያሳየዋል፤ የሚፈለገው የዳዊት ንስሓ እሱ ዘንድ 51ኛው ነው። የግሪኩና የግእዙ ዳዊት ዕብራይስጡ ለሁለት የከፈለውን ዘጠነኛ መዝሙር አንድ አድርጎ ስለሚቆጥር ከዚያ ወዲያ አብዛኛው በአንድ ቍጥር ይለያያል። ይህን መናገር ግማሽ ደቂቃ ነው። አይነገርም። ልጁ አጠገቡ የተቀመጠውን እያየ፣ እያፈረ፣ ገጽ ሲያገላብጥ መምህሩ ሁለት ጥቅስ ቀድሞት ሄዷል።

ባለፈው ዓመት በአንድ አጥቢያ የጀማሪዎች ጉባኤ ላይ ከኋላ ተቀምጬ ነበር። የዕለቱ ትምህርት ሉቃስ 18፣ ሊጸልዩ ወደ መቅደስ የወጡት የፈሪሳዊውና የቀራጩ ምሳሌ። አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። ጸጉር ቤት ውላ የመጣች ናት፤ ጣቶቿ ላይ የቀለሙ ጥቁረት አልለቀቀም። "መምህር፣ ይቅርታ፣ ቀራጭ ማለት እንጨት የሚቀርጽ ነው?" አለች። ከፊት ያሉት ሳቁ። መምህሩ አልሳቀም፤ ይህን አልክድበትም። "የኔ እህት፣ ጥያቄሽን ለመጨረሻ አቆዪው" አላት። መጨረሻው ላይ የጉዞ ማስታወቂያ ተነገረ፣ የአባልነት መዋጮ ተሰበሰበ፣ ጸሎት ተደረገ፣ ተበተነ። ልጅቷ ደብተሯ ላይ "ቀራጭ" ብላ ጽፋ ከጎኑ የጥያቄ ምልክት አድርጋለች። እሱን ይዛ ሄደች።

እስቲ ምሳሌውን በእሷ ጆሮ ስሙት። አንድ እንጨት ጠራቢ ከሩቅ ቆሞ ደረቱን ይደቃል። ለምን? ምን አድርጎ? የእንጨት ሥራ ምን ኃጢአት አለበት? ትምህርቱ በሙሉ ለእሷ ጠፋ። ቀራጭ ግን ቀረጥ ሰብሳቢ ነው፤ ለሮምና በሮም ፈቃድ ለሚገዙት ሹሞች ከገዛ ወገኑ ግብር የሚቀበል፣ በዚያ ላይ ለራሱ የሚጨምር። መጥምቁ ዮሐንስ ሊጠመቁ ለመጡት ቀራጮች ከታዘዘላቸው በላይ እንዳይወስዱ የነገራቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ዘኬዎስ የቀራጮች አለቃ ነበር፤ በኢያሪኮ ሀብታም የሆነውም፣ የበደለውን አራት እጥፍ ልመልስ ያለውም በዚሁ ሥራው ነው። ጎረቤት ሰላም የማይለው፣ ከሴተኛ አዳሪ እኩል የሚቆጠር ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሰው ነው ጸድቆ ወደ ቤቱ የገባው!

የሌላኛውም ስም አልተፈታላትም። እኛ ዛሬ ፈሪሳዊ ስንል ስድብ ነው፤ ግብዝ ማለታችን ነው። ስለዚህ ገና ስሙ ሲጠራ ማን እንደሚወድቅ እናውቃለን፤ ምሳሌው ሳይጀመር አለቀ። ክርስቶስ ሲያስተምር የሰሙት ሰዎች ግን ፈሪሳዊ ሲባል የሚታያቸው የተከበረ ሰው ነበር፦ በሳምንት ሁለቴ የሚጾም፣ ከሚያገኘው ሁሉ ዐሥራት የሚያወጣ፣ ሕጉን ከብዙ ካህናት በላይ የሚጠነቅቅ። በእኛ ሰፈር ቢሆን የሽምግልና አባት የምናደርገው፣ ለልጃችን ክርስትና አባትነት የምንለምነው ዓይነት ሰው ነው። እሱ ሳይጸድቅ ቀርቶ ያ ግብር ቀማኛ ሲጸድቅ ሰሚው መደንገጥ ነበረበት። የጸጉር ቤቷ ልጅ ያን ድንጋጤ ተነፈገች። እኔ ስርቆት ነው የምለው።

"ጸደቀ" ራሱ ምን ሆነ? ከተማ ያደገ ልጅ ቃሉን የሚያውቀው ምክር ቤት አዋጅ ሲያጸድቅ፣ ችግኝ ሲጸድቅ ነው። አያቱ ደግሞ "ጸደቀች" የሚሉት ገነት ለገባች ነፍስ ነው። እንግዲህ ይህ ልጅ የሮሜን መልእክት ሲከፍት የትኛውን ይያዝ? ጳውሎስ ዳኛ ፊት ስለቆመ ሰው በሚመስል አነጋገር ሲናገር፣ እዚያ ላይ አብያተ ክርስቲያናት እንዴት እንደሚለያዩ እናውቃለን፤ ይከራከሩ፣ እሰየው። ግን ክርክሩን እንኳ ለመስማት ቃሉ መፈታት አለበት። ልጁ ገና ቃሉ ሳይፈታለት ወገን እንዲይዝ፣ ተቃራኒውን መናፍቅ እንዲል ታሠለጥኑታላችሁ። በዚህ በኩል በጣም ፈጣኖች ናችሁ።

ከረባት ያሰራችሁት ደግሞ በግእዝ አትታሙም፤ የራሳችሁን ግእዝ ፈጥራችኋል። ቅባት፣ መገለጥ፣ ሸክም፣ መለቀቅ፣ ሰብሮ መውጣት። ቅባት ሲባል ጀማሪዋ ትዝ የሚላት የጸጉር ቅባት ነው፤ በእስራኤል ንጉሥና ካህን ሲሾሙ ራሳቸው ላይ ዘይት ይፈስስ እንደነበር፣ መሲሕም ክርስቶስም የሚለው ስም የተቀባ ማለት መሆኑን ማን ነገራት? ይህን ብታውቅ ሳሙኤል የእሴይን ልጆች እያሰለፈ ዳዊትን ከበግ ጥበቃ ያስጠራበትን ታሪክ በሌላ ዓይን ታየው ነበር። እናንተ ግን ቃሉን ከመድረክ ትወረውሩትና "አሜን" ታስብሏታላችሁ።

መልሳችሁን አውቀዋለሁ። አንደኛው "ምሥጢር ይረክሳል" ነው። ማን ነው ያለው? ሊቃውንቱ ናቸው? አንድምታ ትርጓሜ ምን መሰላችሁ! የግእዙ ንባብ ይነበባል፤ መምህሩ ሐረጉን ይዞ በአማርኛ ይፈታዋል፣ ታሪኩን ያመጣል፣ "አንድም" ብሎ ሌላ ፍቺ ይጨምራል፣ ከእርሻ፣ ከሙግት፣ ከገበያ ምሳሌ ያቀርባል። ላይ ቤትና ታች ቤት ተብሎ እስከ መለያየት ድረስ የተከራከሩት እኮ በፍቺ ነው! የብሉይ፣ የሐዲስ፣ የሊቃውንት፣ የመነኮሳት ጉባኤ ዘርግተው ዕድሜያቸውን የጨረሱት ቃል ሲፈቱ ነው። እናንተ የነሱ ልጆች ነን እያላችሁ ንባቡን ወርሳችሁ ፍቺውን ጣላችሁት።

አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን አስቡ። መምህራቸው ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን የግእዝ መዝገበ ቃላት ተረክበው፣ ኢየሩሳሌም ተቀምጠው ሲደክሙበት ኖሩ፤ ታትሞ ሳያዩት ዐረፉ። ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድ ተረክበው በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት አበቁት። መምህር፣ ተማሪ፣ የተማሪ ተማሪ፤ ሦስት ትውልድ ለቃላት! እነሱ ዕድሜ ሰጡ፤ ከእናንተ የሚጠየቀው የአንድ እሑድ ጠዋት ነው።

የአስቴር ጋኖን ታሪክ ስሰማ ደግሞ ይብስብኛል። በባርነት ተሽጣ፣ ባሕር ላይ ነፃ ወጥታ፣ ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ ከነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት የደረሰች ልጅ ናት። እሷና ተርጓሚው ኦነሲሞስ ነሲብ ሙሉውን የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ከማሳተማቸው በፊት ምን እንዳሳተሙ ታውቃላችሁ? የጀማሪ ማንበቢያ! እ.ኤ.አ. በ1894። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ስዊዘርላንድ ታተመ። አስቴር ለዚያ ሥራ ቃላት ስትለቅም ነበር፤ ተረቱን፣ ዘፈኑን፣ የሕዝቡን አነጋገር ከትዝታዋ ስትጽፍ ነበር። ከቀንበር የወጣች ወጣት ጀማሪ ምን እንደሚቀድምለት ገባት፤ ዲግሪ የደረደራችሁት አልገባችሁም።

ሁለተኛው መልሳችሁ "መንፈስ ቅዱስ ይገልጥለታል" ነው። ይህን ስትሉ እንዴት አትፈሩም? በጰራቅሊጦስ ዕለት መንፈስ ቅዱስ ሲወርድ የሆነው ምን ነበር? ከሮሜ የመጣው፣ ከግብፅ የመጣው፣ ከዐረብ የመጣው፣ እያንዳንዱ በተወለደበት ቋንቋ ሰማ፤ ገባው። እናንተ በገዛ ቋንቋው ለሚሰማችሁ ልጅ እንዳይገባው አድርጋችሁ ስታበቁ ጥፋቱን ለመንፈስ ቅዱስ ትሰጣላችሁ።

ጃንደረባውንም ተዉት። በየስብከቱ "የኛ ነው፣ የኢትዮጵያ ነው" ትላላችሁ። እሺ፣ የኛ ነው። ፊልጶስን የሚመስል ግን ከመካከላችሁ አጣሁ። ሰውየው በሠረገላው ኢሳይያስን ሲያነብ ፊልጶስ ሮጦ ደረሰበት፣ ይገባህ እንደሆነ ብሎ ጠየቀው፣ የሚመራኝ ሳይኖር እንዴት ቢለው አጠገቡ ወጥቶ ተቀመጠ። ካነበበው ቦታ ጀመረለት፤ "መጀመሪያ ተመዝገብ" አላለውም፣ "ለመጨረሻ አቆየው" አላለውም።

አሜሪካ ያሉ ዘመዶቼ የሚነግሩኝ ደግሞ የባሰ ነው። እዚያ የተወለዱ ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ ፊደል፣ እሑድ እሑድ መዝሙር ይማራሉ። የቅዳሴውን ተሰጥዎ በግእዝ ይመልሳሉ፤ ምን እንዳሉ አያውቁም። አሥራ ስምንት ሲሞላቸው ሲቀሩ ወላጅ "አሜሪካ ወሰደብኝ" ብሎ ያለቅሳል። አሜሪካ ምን አደረገች? ልጁ አሥር ዓመት ሙሉ ያልተፈታለት ቋንቋ ውስጥ ተቀምጦ ነበር፤ ትዕግሥቱ ይገርመኛል።

ይህን ሁሉ በቅርቡ ለአንድ የማከብረው መምህር ነገርኩት። ዋና ዋናዎቹን ቃላት በአንዲት ወረቀት ፊትና ጀርባ አሳትማችሁ ለአዲስ ገቢ ሁሉ ስጡ አልኩት፤ የመጻሕፍቱ ስም ከነፍቺው፣ ጥቅስ የሚወጣበት መንገድ፣ የሰዎቹ ማዕርግ፣ የበዓላቱ ስም። ዝም ብሎ ሰማኝና በቅንነት፣ ሳይቀልድ፣ "ይህን ሁሉ በወረቀት ከሰጠናቸው ታዲያ እኛ ምን እናስተምራለን?" አለኝ።

መምህር፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ ከእርስዎ አልጠበቅሁም። ቃሉ ተፈትቶ ሲያልቅ እኮ ነው ሥራዎ የሚጀመረው። የኢዮብ ወዳጆች እግዚአብሔርን ደግፈው ተናግረው ሳለ ለምን ተቆጣቸው? ናታን ዳዊትን በቀጥታ ከመውቀስ ስለ አንዲት በግ ለምን አወራው? የጠፋው ልጅ ታላቅ ወንድም ከደጅ ቆሞ አባቱ ሲለምነው ታሪኩ ይቆማል፤ ሉቃስ ገባ አይለን፣ ቀረ አይለን። እስቲ አንድ እሑድ በዚህ ያከራክሩን፤ እመጣለሁ፣ የጸጉር ቤቷንም ልጅ ይዣት እመጣለሁ።